ስለ አሮጌው ቶርኖና ስለ ቅን ዋጋ

ሰው ከባልንጀራው ጋር በዋጋ ተስማምቶ ዕቃ ቢገዛ፥ ሻጩም ወዶና ፈቅዶ ቢሸጥ፥ በመካከላቸው በደል ሊገኝ ይችላልን? ብዙ ሰው ይህን ጥያቄ ሲሰማ «ሁለቱ ከተስማሙ ሦስተኛው ምን አገባው?» ብሎ ይመልሳል። ስርቆትን፥ ቅሚያን፥ በሐሰት መማልን ለንስሐ አባቱ የሚናዘዝ ምእመን ብዙ ነው፤ ሻጩ የዕቃውን ዋጋ ባለማወቁ ያገኘውን ትርፍ የሚናዘዝ ግን ጥቂት ነው። ይህ ትርፍ በገበያ ዘንድ ስሙ ኃጢአት ሳይሆን ብልኀት ነውና። እኔም በክህነት አገልግሎት ብዙ ዘመን ከቈየሁ በኋላ፥ ይህን ነገር በሚገባ እንዳልመረመርሁት የተረዳሁት ከመጻሕፍት ቤት ሳይሆን ከአንድ ብረት ሠራተኛ ቤት ነው፤ ያስተማረኝም አንድ አሮጌና ጎደሎ ቶርኖ ነው። ነገሩ ለካህናትም ለምእመናንም የሚጠቅም ስለ መሰለኝ እንደሚከተለው አቀርበዋለሁ።

አስቀድሞ ቶርኖ ምን እንደ ሆነ ለማያውቁት አንባብያን በጥቂቱ መናገር ይገባል። ስሙን ከጣልያን ቋንቋ ወስደን ለምደነዋል። ቶርኖ ብረትን በመንጋጋው ነክሶ እያዞረ፥ በስለት እየፋቀ የሚቀርጽ መሣሪያ ነው፤ ዘንጉም፥ ብሎኑም፥ ዳዶውም፥ ቀለበቱም ከእርሱ ይወጣል። ከታች ሁሉን የሚሸከም፥ አልጋ የሚባል ረጅምና ከባድ ብረት አለው። በአልጋው አንድ ጫፍ ላይ ሥራውን የሚያዞረው ራስ፥ በሌላው ጫፍ ደጋፊው፥ በመካከል ደግሞ ስለቱን ይዞ በአልጋው ላይ የሚመላለሰው ሠረገላ ይገኛሉ። ሠረገላውን በልክ የሚያስኬደው መሪ ብሎን ነው፤ የመሪው ብሎን ፍጥነት የሚለዋወጠውም ማርሽ በሚሏቸው ጥርሳም መንኰራኵሮች ነው። እነዚህን ክፍሎች በብረት አልጋ ላይ አስተባብሮ ብሎንን በትክክል የሚቈርጥ ቶርኖ በመሥራት ስሙ የታወቀው፥ በአውሮፓ አቈጣጠር ከ1771 እስከ 1831 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር የኖረው ሄንሪ ማውድስሌይ ነው፤ ይህንም የሠራው በ1800 ዓ.ም. ገደማ ነበር። ባለሙያዎች ቶርኖን የማሽኖች እናት ይሉታል። ሌሎችን ማሽኖች ከመውለዱም በላይ፥ ከራሱ የጎደለውን ክፍል አብዛኛውን ራሱ ሊሠራ ይችላልና።

ወደ ነገሬ ልመለስ። አንድ የንስሐ ልጅ አለኝ። ዕድሜውን በብረት ሥራ ያሳለፈ፥ በአዲስ አበባ በመርካቶ አካባቢ በሰው ቤት ተቀጥሮ የሚሠራ ባለሙያ ነው። የራሱ ቶርኖ እንዲኖረው ብዙ ዘመን ተመኝቷል፤ የአዲሱ ዋጋ ግን እንኳን ለእርሱ ለአሠሪውም የሚቀመስ አይደለም። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቀርቦ መስቀል ተሳለመና «አባቴ፥ አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አለኝ።

ነገሩም እንዲህ ነበር። ባላቸው የሞቱባቸው አንዲት እናት በግቢያቸው ውስጥ የባላቸው ቶርኖ አለ። ብዙ ዓመት ሥራ ፈትቶ፥ በቆርቆሮ ጥላ ሥር ዝጎ ቆሟል። ተለዋጮቹ መንኰራኵሮች የሉም፤ የደጋፊው እጀታ የለም፤ ረጅም ዘንግ ሲሠራ እንዳይንቀጠቀጥ ከመካከል የሚይዘው ክፍልም ጠፍቷል። ክብደቱ አሥር ኩንታል ያህላል። ቁራጭ ብረት የሚሰበስቡ ነጋዴዎች መጥተው በኪሎ ሂሳብ ዋጋ ሰጥተዋቸዋል። እናቲቱም የቤት ኪራይ ስላስጨነቃቸው ለመሸጥ ቈርጠዋል። የንስሐ ልጄ ግን ማሽኑን ዞሮ አይቶ፥ ዝገቱ ከላይ ብቻ እንደ ሆነ፥ ዋናው ዘንግ ጤናማ እንደ ሆነ፥ እንዲሁ እንደ ቆመ ለባለሙያ ቢሸጥ እንኳ ነጋዴዎቹ ከሰጡት ሦስት እጥፍ እንደሚያወጣ ዐወቀ። እርሱ በነጋዴዎቹ ዋጋ ላይ ጥቂት ቢጨምርላቸው እናቲቱ መርቀው ይሸጡለታል። «ያወቅሁትን ልንገራቸውን? ወይስ ዝም ብዬ ልግዛ?» ብሎ ጠየቀኝ።

እኔም ሳላመነታ መለስሁለት። «ልጄ፥ አልዋሸህም፤ አላታለልህም። ዋጋውን የተቀበሉት እርሳቸው ናቸው፤ አንተም ከነጋዴዎቹ አስበልጠህ ትሰጣለህ። በወንጌል በእርሻ ውስጥ የተሰወረ መዝገብ ያገኘው ሰው ለባለ እርሻው ነግሮ ነውን የገዛው? ሂድና ግዛ» አልሁት። ደስ ብሎት ሄደ። ነገር ግን ሰው በእርግጥ ንጹሕ ሆኖ በሚያየው ነገር ካህን አይጠይቅም። ያ ሰው የመጣው በኅሊናው ውስጥ አንድ ነገር ስለ ቈረቈረው ነበር፤ እኔም ያን የሚቈረቍረውን ነገር መርምሬ ማውጣት ሲገባኝ አለሳልሼ ሸፈንሁት።

ከሁለት ወር በኋላ ቶርኖው የገባበትን ቤት በጸበል እንድባርክለት ጠራኝ። ቀለም ተቀብቶ የሚያበራ ማሽን አያለሁ ብዬ ነበር፤ ያገኘሁት ግን ተፈታትቶ በወለሉ ላይ የተዘረጋ ብረት ነው። እርሱም በአልጋው ላይ ጐንበስ ብሎ በመፋቂያ ጥቂት ጥቂት ይፍቃል። «ቀለሙን ቀብተህ፥ የጠፋውን ገዝተህ ሥራ አትጀምርም?» አልሁት። እርሱም እንዲህ ሲል መለሰልኝ፦ «አባቴ፥ ቀለም ጉድለትን ይሸፍናል እንጂ አይሞላም። የጎደለው ክፍል ደግሞ አያስፈራኝም። የጠፋ መንኰራኵር ይፈለጋል፥ ባይገኝ ይሠራል፤ መጥፋቱንም ዐይን ያየዋል። የሚያስፈራኝ አልጋው ነው። አልጋው ጠማማ ከሆነ ሠረገላው በጠማማ መንገድ ይሄዳል፤ ሠረገላው በጠማማ መንገድ ከሄደ የሚወጣው ሥራ ሁሉ ጠማማ ነው። ለሌላ ማሽን ዘንግ ብሠራበትም ጥመቱ ወደዚያ ማሽን ይሻገራል።»

ይህን ሲል በልቤ ስለ መምህራን አሰብሁ። የጎደለው ዕውቀት ያለበት መምህር ጉድለቱን ቢናገር ተማሪው ወደ ሌላ ጉባኤ ሄዶ ይሞላዋል፤ መመዘኛው የጠመመበት መምህር ግን ጥመቱን በደቀ መዛሙርቱ ላይ እየቀረጸ ያስተላልፋል፥ እነርሱም ቀጥ ያሉ ይመስላቸዋል። ደግሞም ሠራተኛው የአልጋው መበላት በሁሉ ስፍራ እኩል እንዳልሆነ አሳየኝ። አብዛኛው ሥራ የሚሠራው በራሱ አጠገብ ስለ ሆነ፥ ይበልጥ የሚበላው በዚያ ነው፤ ወደ ጫፉ ያለው ግን እምብዛም ሳይነካ ቀጥ ብሎ ይኖራል። ለመንበሩ ቀርበን የምናገለግል እኛም ይህን ልናስተውል ይገባናል። ልማድ ይበልጥ የሚበላው ዘወትር በሚመላለሱበት ስፍራ ነው።

ከዚያ በኋላ «አልጋው ቀጥ ማለቱን በምን ታውቃለህ?» ብዬ ጠየቅሁት። አንድ ወፍራም የብረት ሰሌዳ አሳየኝ። ሰሌዳውን ሰማያዊ ቀለም በሥሡ ቀብቶ በአልጋው ላይ ሲያሻው፥ ከፍ ያለው ስፍራ ቀለሙን ይቀበላል፤ ዝቅ ያለው ሳይነካ ይቀራል። ቀለም የያዘውን ስፍራ ይፍቃል፤ ዳግመኛ ያሻል፤ ዳግመኛ ይፍቃል፤ ቀለሙ በሁሉ ስፍራ እኩል እስኪታይ ድረስ ይህን እልፍ ጊዜ ይደጋግማል። እኔም «ሰሌዳውስ ራሱ ቀጥ ማለቱ በምን ታወቀ?» አልሁት። ፈገግ አለና «እርሱማ በሦስተኛው ነው» አለኝ።

ነገሩን እንዲህ አስረዳኝ። ሁለት የብረት ሰሌዳዎችን እያስተያየህ፥ እርስ በርሳቸው እያሸህ ብትፍቃቸው በመጨረሻ ፍጹም ይገጥማሉ፤ በመካከላቸው ብርሃን አያልፍም። ይሁን እንጂ መግጠማቸው ቀጥ ለማለታቸው ምስክር አይሆንም። አንዱ በመካከሉ አብጦ፥ ሁለተኛው በዚያው ልክ ጐድጕዶ ሊሆን ይችላል፤ ያበጠው በጐደጐደው ውስጥ ገብቶ ያርፋልና ስምምነታቸው ፍጹም ይመስላል። ስለዚህ ሦስተኛ ሰሌዳ ያስፈልጋል። ሦስተኛውን ካበጠው ጋር ብታስማማው እርሱም ይጐደጕዳል፤ ከዚያም ሁለቱን ጐድጓዶች ፊት ለፊት ብታገናኛቸው አይገጥሙም፥ ጥመቱም በዚያን ጊዜ ይገለጣል። ሦስቱም በየተራ እርስ በርሳቸው እስኪገጥሙ ድረስ ይፋቃሉ። ከሦስቱ እያንዳንዱ ከሌሎቹ ከሁለቱ ጋር የሚገጥመው ቀጥ ያለ ሲሆን ብቻ ነው። ይህን ጥበብ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1840 ዓ.ም. በሊቃውንት ጉባኤ ፊት በጽሑፍ ያስረዳው ጆሴፍ ዊትዎርዝ ነው። እርሱም በወጣትነቱ በማውድስሌይ ቤት የሠራ፥ በ1841 ዓ.ም. ደግሞ የብሎን ጥርስ ሁሉ በአንድ ልክ እንዲሆን ሐሳብ ያቀረበ ሰው ነው።

ይህን በሰማሁ ጊዜ ጸበሉን ይዤ ዝም ብዬ ቆምሁ። የእናቲቱ አለማወቅ ጐድጓዳ ነበር፤ የገዢው ማወቅ በዚያው ልክ ያበጠ ነበር፤ ስለዚህ ፍጹም ገጠሙ። እኔም መግጠማቸውን ብቻ አይቼ ቅን ነው አልሁ። ከዚህ የባሰው ግን የእኔና የእርሱ መስማማት ነው። እርሱ ሊፈቀድለት ይመኝ ነበር፤ እኔ ልፈቅድለት ተዘጋጅቼ ነበር፤ የእርሱ ምኞትና የእኔ ምክር እንደ ሁለቱ ሰሌዳዎች ተጋጠሙ። ከእኛ ጋር ያልነበሩት ሦስተኛዋ እናቲቱ ነበሩ። እርሳቸው በዚያን ሰዓት በመካከላችን ቆመው ቢሰሙ ኖሮ «ዝም ብለህ ግዛ» ብዬ እናገር ነበርን? አልናገርም። በፊታቸው ልናገረው የማልደፍረውን ቃል በስተኋላቸው እንደ ምክር ሰጠሁ። ጥመቱን ለማወቅ ሌላ መመዘኛ አላስፈለገኝም።

እንግዲህ ነገሩን በመጻሕፍት እንመርምረው። ጠቢቡ ሰሎሞን በመጽሐፈ ምሳሌ ምዕ. 20 ቍ. 14 ላይ፥ ሲገዛ ዕቃውን የሚያጣጥል፥ ገዝቶ ሲሄድ ግን የሚመካ ገዢ እንዳለ አሳይቶናል። ያ ገዢ ከሻጩ ጋር አልተጣላም፤ ተስማምቶ ገዝቷል። በሻጩ ፊት የተናገረውና ለብቻው የተናገረው አለመግጠሙ ግን ይከሰዋል። አባታችን አብርሃም ለሣራ መቃብር የሚሆነውን ዋሻ በገዛ ጊዜ ኤፍሮን በነጻ ልስጥህ ቢለው እንቢ ብሎ፥ በሕዝቡ ፊት 400 የብር ሰቅል መዝኖ ሙሉውን ዋጋ ሰጠ፤ ይህም በኦሪት ዘፍጥረት ምዕ. 23 ተጽፏል። ንጉሥ ዳዊትም የኢያቡሳዊውን የኦርናን አውድማ በነጻ ሊወስድ አልፈቀደም፤ ምንም ያላወጣበትን ነገር ለእግዚአብሔር መሥዋዕት አድርጎ ማቅረብን ጠልቷልና። መበለትንና ድኃ አደግን የሚያስጨንቅ ሰው በእግዚአብሔር ፊት ምን እንደሚጠብቀው ደግሞ ኦሪት ዘጸአት በምዕ. 22 በግልጥ ያስጠነቅቃል።

ከምዕራብ አበው አንዱ አውግስጢኖስ ስለ ሥላሴ በጻፈው መጽሐፉ የዚህን ነገር ምሳሌ ተርኳል። እርሱ የሚያውቀው አንድ ሰው መጽሐፍ እንዲገዛ ቀረበለት፤ ሻጩ የመጽሐፉን ዋጋ ስለማያውቅ ጥቂት ገንዘብ ጠየቀ፤ ገዢው ግን ሻጩ ያላሰበውን፥ እጅግ የሚበልጠውን ትክክለኛ ዋጋ ሰጠው። በእኛም ቤተ ክርስቲያን ፍትሐ ነገሥት ስለ መሸጥና ስለ መግዛት የሚናገር አንቀጽ አለው። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግም ቢሆን፥ አንዱ ወገን የሌላውን ችግር፥ የዋህነት፥ እርጅና ወይም በንግድ ያለ ልምድ ማጣት መጠቀሚያ አድርጎ የተዋዋለው ውል ከኅሊና ጋር ሲቃረን ሊፈርስ እንደሚችል ይደነግጋል። የምድር ዳኛ እንኳ መስማማትን ብቻ አይቶ የማያልፈውን ነገር፥ እኛ በመስቀል ሥር ልናልፈው ይገባናልን?

በዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞዎች ሊነሡ ይችላሉ። የመጀመሪያው እኔ ራሴ የጠቀስሁት የመዝገቡ ምሳሌ ነው። ነገር ግን ምሳሌ የሚመሰለው በሁሉ ነገር አይደለም፤ ጌታ ሊያስተምርበት በወደደው በአንዱ ነገር ነው። በማቴዎስ ወንጌል ምዕ. 13 ያለው ሰው የተመሰገነው ያለውን ሁሉ ሸጦ መዝገቡን ስለ መረጠ ነው፤ መንግሥተ ሰማያትን ለሚሻ ሰው ሁሉን መተው እንደሚገባው ሊያስረዳን ነው። በሉቃስ ወንጌል ምዕ. 16 ዐመፀኛው መጋቢ በብልኀቱ ቢመሰገን የጌታውን ገንዘብ ማጕደል ሕግ እንዳልሆነልን፥ ይህም እንዲሁ ነው። ጌታ ስለ ገበያ ሕግ የሰጠን ሌላ ስፍራ አለ፤ ሰዎች ሊያደርጉላችሁ የምትወዱትን እናንተም አድርጉላቸው የሚለው ትእዛዙ ነው። እኔም ምሳሌውን የጠቀስሁት ለማስተማር ሳይሆን ለመፍቀድ ስለ ነበር፥ ቃሉን እንደ ቀለም ቀባሁት።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከዚህ ይከብዳል። «ይህ ሰው ብረትን ማወቅ የተማረው ብዙ ዘመን ደክሞ ነው፤ በዕውቀቱ ማትረፍ አይገባውምን? እንዲህ ከሆነስ ነጋዴ ሁሉ የሚያውቀውን ለሁሉ እየተናገረ እንዴት ይኖራል?» የሚል ነው። መልሱ የዕቃውን ዋጋና የድካሙን ዋጋ መለየት ነው። ቶርኖው እንዲሁ ዝጎና ጎድሎ እንደ ቆመ ያለው ዋጋ የእናቲቱ ነው፤ ባላቸው ደክመው የተዉላቸው ነውና። ተፈትቶ፥ ተፍቆ፥ ጎደሎው ተሞልቶ ከታደሰ በኋላ የሚጨምረው ዋጋ ግን የሠራተኛው ነው፤ በዚያ ማንም አይቀናበትም። ስለ ንግድም ቢሆን፥ ሁለት ነጋዴዎች በእኩልነት ሲገናኙ እያንዳንዱ ጠይቆና መርምሮ ይገዛልና አንዱ የሌላው ሞግዚት አይደለም። ሻጩ የማያውቅ፥ የሚጠይቀው ሰው የሌለው፥ ችግርም ያስቸኰለው ሲሆን ግን፥ የሚያውቀው ሰው የመናገር ግዴታ በዚያው ልክ ይጨምራል። ዝምታ በእኩዮች መካከል ጥንቃቄ ሊሆን ይችላል፤ በጨነቃቸው መበለት ፊት ግን እጅን ወደ መሶባቸው መስደድ ነው።

ይህን ሁሉ በዚያ ቤት ቆሜ በአንድ ጊዜ አላሰብሁትም፤ ዋናው ነገር ግን ተገልጦልኝ ነበር። ስለዚህ «ልጄ፥ ያን ዕለት የመከርሁህ ምክር ጠማማ ነበር። የጠመመው አልጋ እኔ ነኝ፤ በእኔ ላይ የተሠራው የአንተ ሥራም አብሮ ጠመመ» አልሁት። ብዙ ጊዜ ዝም አለ። ከዚያም «አባቴ፥ እኔም ያልነገርሁዎ ነገር አለ» አለኝ። የጠፉትን መንኰራኵሮች በመርካቶ፥ በምናለሽ ተራም በሶማሌ ተራም ሲፈልግ ከርሟል፤ እናቲቱን ግን አንድ ጊዜ እንኳ «በቤትዎ ይኖሩ ይሆን?» ብሎ አልጠየቀም። ቢጠይቅ ማሽኑን ለሥራ እንጂ ለብረቱ እንዳልፈለገው ይታወቅበታልና። የጎደለውን እንዳይጠይቅ የደበቀው ነገር አፉን ይዞት ኖሯል።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሁለታችን አብረን ወደ እናቲቱ ቤት ሄድን። እርሱ የሆነውን ሁሉ ነገራቸው፤ እኔም የመከርሁት እኔ መሆኔን ሳልሸሽግ ተናገርሁ። እናቲቱ አላመሰገኑንም፤ ሊያመሰግኑንም አይገባም ነበር። «ካህን የመከረው ነገር ነውን?» ብለው ወደ መሬት ተመለከቱ። ያ ቃል ከማንኛውም ቀኖና ይልቅ ከብዶኛል። ከዚያ በኋላ የሁለቱም ዘመድ ያልሆነ፥ በሥራው የሸመገለ አንድ ባለሙያ ተጠርቶ፥ ማሽኑ በተገዛበት ቀን እንደ ነበረው ሆኖ፥ ከነጕድለቱ፥ ምን እንደሚያወጣ ፈረደ። የንስሐ ልጄም የቀረውን ገንዘብ በአራት ወር ከፍሎ ሊጨርስ ቃል ገባ፤ ለሠርጉ የተገዛለትን የእጅ ሰዓት እንኳ ሸጦ ጨርሷል።

ልንነሣ ስንል እናቲቱ «ጠፉ ያልሃቸው ዙሪያቸውን ጥርስ ጥርስ ያላቸው ናቸውን?» ብለው ጠየቁት። ወደ ጓዳ ገብተው አንድ የእንጨት ሣጥን አወጡ። ባላቸው መንኰራኵሮቹን አንድ በአንድ በቅባት በራሰ ጨርቅ ጠቅልለው፥ እንዳይሰረቁ ከመሞታቸው በፊት አስቀምጠዋቸው ነበር። እናቲቱ ምን እንደ ሆኑ አያውቁም፤ የባላቸው እጅ የጠቀለለውን መጣል ግን አልሆነላቸውም። ከመንኰራኵሮቹ አንዱ ጥርሱ ተሰብሯል፤ ሌሎቹ ዝገት አልነካቸውም።

ሠራተኛው ከሁሉ ይልቅ ትልቁን አንሥቶ ጥርሶቹን ቈጠረ፤ 127 ሆኑ። የዚያ ቶርኖ መሪ ብሎን በእንግሊዝ ልክ፥ በኢንች የተቈረጠ ነው፤ በዘመናችን የሚፈለገው ብሎን ግን አብዛኛው በሚሊሜትር ነው። አንድ ኢንች 25.4 ሚሊሜትር ስለ ሆነ፥ አምስት ኢንች ሳይጐድልና ሳይተርፍ 127 ሚሊሜትር ይሆናል። ስለዚህ ባለ 127 ጥርሱ መንኰራኵር በመካከል ሲገባ፥ አሮጌው ማሽን ልኩን ሳይለውጥ በሌላው ልክ በትክክል ይሠራል። ሁለት የማይገጥሙ ልኮች አንዳቸውም ሳይዋሹ የሚገናኙት፥ ሁለቱንም በሚያውቅ ሦስተኛ ነው። ረጅሙን ዘንግ የሚደግፈው ክፍል ግን አልተገኘም፤ ሠራተኛው ቶርኖው ቀጥ ካለ በኋላ አብዛኛውን በራሱ በቶርኖው ላይ ሠራው።

የተወደዳችሁ አንባብያን ሆይ፥ ይህን የተረክሁት እውነትን የተናገረ ሁሉ ወዲያው የጠፋበትን በሣጥን ያገኛል ለማለት አይደለም። ብዙ ሰው እውነት ተናግሮ ገንዘቡን ብቻ ከፍሎ ይመለሳል፤ የከፈለውም ያለ ዋጋ አይቀርም። የተረክሁት አንድ ነገር እንድንይዝ ነው። ስንገዛም፥ ስንሸጥም፥ ስንመክርም፥ ስንማከርም ከሁለተኛው ሰው ጋር መስማማታችን አያሳርፈን። ይልቁንም «በዚህ ስምምነት ውስጥ የሌለው ሦስተኛው ማን ነው? እርሱ በዚህ ቆሞ ቢሰማን ቃላችን ይገጥማልን?» ብለን እንጠይቅ። ወንድሞች ርስት ሲካፈሉ ሩቅ አገር ያለችው እኅት ሦስተኛ ናት። አሠሪና ደላላ በደመወዝ ሲስማሙ ሠራተኛይቱ ሦስተኛ ናት። ካህንና ተነሳሒ በቀኖና ሲስማሙ የተበደለው ሰው ሦስተኛ ነው። እነዚህ በሌሉበት የሚቆምላቸው አንድ አለ፤ እርሱም ሁሉን የሚያይ እግዚአብሔር ነው።

ለካህናት ወንድሞቼም አንድ ቃል ልጨምር። የሚጎድለን ነገር ቢኖር አንፈር፤ ጉድለት ከታመነ ይሞላል። የምንፈራው የመመዘኛችንን መጥመም ይሁን። ወደ እኛ የሚመጣ ሰው ብዙ ጊዜ የሚፈልገውን መልስ በፊቱ ይዞ ይመጣል፤ እኛም እርሱን ማስደሰት እንወዳለን፤ በዚያን ጊዜ ሁለት ሰሌዳዎች ነን። ከእኔ ስሕተት ሌላው ይማር።

በመጨረሻም ይህን አሮጌ ቶርኖ ባሰብሁ ቍጥር የራሳችን ነገር ትዝ ይለኛል። እኛ በኃጢአት የዛግንና የጎደልን ነበርን፤ ከዚህም በላይ ዋጋችንን አናውቅም ነበር፤ ስለዚህ ራሳችንን በቁራጭ ብረት ሂሳብ ለመጣ ሁሉ እንሸጥ ነበር። ዋጋችንን የሚያውቅ አንድ እርሱ ብቻ ነበር። እርሱም አለማወቃችንን አይቶ በርካሽ አልወሰደንም፤ ሐዋርያው ጴጥሮስ በመጀመሪያው መልእክቱ እንዳስተማረን፥ በሚጠፋ በብርና በወርቅ ሳይሆን በክቡር ደሙ ሙሉውን ዋጋ ከፈለ። ከገዛንም በኋላ ጉድለታችንን በቀለም አልሸፈነውም፤ በራሱ ቅንነት ያቀናናል፥ የጎደለንንም ይሞላልናል። እንዲህ በሙሉ ዋጋ የተገዛ ሰው የባልንጀራውን ዕቃ በጎደሎ ዋጋ ሊገዛ እንዴት ይደፍራል? ቅን የሆነ አምላክ ልባችንን ያቅናልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።